ሰበቡን ከማን ተማሩት?

ባለፈው ወር ቡና ላይ አንዲት እኅታችን በሰፈሯ ስለተደፈረች ልጅ ስትነግረን፣ ከመካከላችን የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «በዚያ ሰዓት ምን ልትሠራ ወጣች?» የሚል ነበር። በክፋት የተጠየቀ አልነበረም። ነገር ግን ስላሳሰበን፣ ተመራማሪዎች በመድፈር ወንጀል የተፈረደባቸውን ሰዎች አስተሳሰብ እንዴት እንዳጠኑ አነበብን። ያገኘነውን ለአባላትና ለደጋፊዎቻችን እናካፍላለን።

እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካውያኑ ግሬሻም ሳይክስና ዴቪድ ማትዛ፣ ሕግ የሚተላለፉ ወጣቶች ኅሊናቸውን የሚያባብሉባቸውን አምስት መንገዶች ለይተው ጻፉ። «የእኔ ጥፋት አይደለም»፣ «ማንም አልተጎዳም»፣ «የእጁን ነው ያገኘው» የሚሉት ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ1963 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ በድብርት የሚሠቃዩ ሰዎች ሐሳባቸው እንዴት እንደሚዛባ ገለጸ። በ1984 ደግሞ ጂን ኤብልና ባልደረቦቹ የአስተሳሰብ መዛባትን ሕፃናትን በሚደፍሩ ሰዎች ላይ አጠኑ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ እምነት «ልጁ ካልታገለ ፈልጓል ማለት ነው» የሚል ነበር።

በዚያው ዓመት ዳያና ስከሊና ጆሴፍ ማሮላ፣ በቨርጂኒያ እስር ቤቶች በመድፈር የተፈረደባቸውን 114 ወንዶች አነጋግረው ያገኙትን አሳተሙ። ወንጀሉን የካዱት «ወዳ ነው»፣ «እምቢታዋ እሺታ ነው»፣ «ጨዋ ሴት አይደለችም» ይሉ ነበር። ጥፋታቸውን ያመኑት ደግሞ ብዙዎቹ በመጠጥ ያሳብቡ ነበር። ተመራማሪዎቹ እነዚህ ወንዶች ሰበቡን ራሳቸው አልፈጠሩትም፤ ከኅብረተሰቡ የተማሩት ነው አሉ። ከዚያ በፊት በ1980 ማርታ በርት በሚኒሶታ 598 ተራ ሰዎችን ጠይቃ፣ ይኸው ዓይነት እምነት ከእስር ቤት ውጭም እንዳለ አሳይታ ነበር።

ሁሉም ምሁራን በአንድ አልተስማሙም። በ2006 ሻድ ማሩናና ሩት ማን፣ ሰበብ መደርደር የሰው ሁሉ ጠባይ ስለሆነ ከጥፋት በኋላ የተነገረ ሰበብ ለጥፋቱ መነሻ ነበር ማለት አይቻልም ብለው ተከራከሩ። ይህ ግን ሰበቡን የሚቀበል ጆሮ መኖሩን አያስቀርም።

በአገራችንም ሰበቡ በሕግ ተጽፎ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ደፋሪው ተበዳይዋን በፈቃዷ ካገባት ክስ እንዳይቀርብበት ይፈቅድ ነበር። ይህ አንቀጽ የቀረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጹ ቢሰረዝም፣ «ታረቁ፣ ያግባትና ይለቅ» የሚለው ቃል ከሽማግሌዎች አፍ ገና አልጠፋም።

ወንዶች ልጆቻችን ከጀበናችን አጠገብ ተቀምጠው ይሰሙናል። «ምን ልትሠራ ወጣች?» ስንል፣ ነገ የሚያሳብቡበትን ቃል እያስጠናናቸው ነው። ሴቶች ልጆቻችንም ይሰሙናል፤ ቢደርስባቸው ለእኛ መናገር እንደማያዋጣ ይማራሉ። ስለዚህ የተበደለች ልጅ ወደ ማኅበራችን ስትመጣ የመጀመሪያ ቃላችን «አይዞሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» እንዲሆን ተስማምተናል። ቀጥሎ ሳንዘገይ ወደ ሕክምና አብረናት እንሄዳለን። ጥያቄ ካለን፣ የሚጠየቀው እሱ ነው።