መንገድ የጠየቀው የሠራተኛዋ ልጅ

በኦክቶበር 1940 አንድ ሸምገል ያለ እንግሊዛዊ አሜሪካን አገር፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ ሳን አንቶንዮ በምትባል ከተማ በመኪና ሲያልፍ አቅጣጫው ጠፋበትና ቆሞ መንገድ ጠየቀ ይባላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የተጠየቀው ሰው ኦርሰን ዌልስ ሆኖ ተገኘ። ጠያቂው ደግሞ ኤች ጂ ዌልስ፣ የሳይንስ ልብወለድ አባት ከሚባሉት አንዱ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ስማቸው አንድ ነው፤ በእንግሊዝኛው የወጣቱ አንዲት ፊደል ትበልጣለች። ዝምድና የላቸውም፣ ሞክሼዎች ብቻ ናቸው።

ነገሩን ጉድ የሚያሰኘው ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ኦርሰን ከሁለት ዓመት በፊት፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1938 ምሽት፣ የሽማግሌውን «የዓለማት ጦርነት» የተባለ መጽሐፍ በሬድዮ ድራማ አቅርቦት ነበር። ከማርስ የመጡ ፍጡራን ምድርን ሲወሩ፣ ልክ እንደ እውነተኛ ዜና፣ ሙዚቃ እየተቋረጠ ይነገራል። በማግስቱ ጋዜጦች «አሜሪካ በድንጋጤ ተናወጠች» አሉ። የታሪክ ሰዎች በኋላ እንዳሉት ጋዜጦቹ በጣም አጋነውታል፤ ብቻ ልጁ ገና በ23 ዓመቱ ስሙ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። እንግዲህ የመጽሐፉ ባለቤትና መጽሐፉን በሬድዮ ያስጮኸው ልጅ በአካል ተያይተው አያውቁም ነበር። ሽማግሌው 74 ዓመቱ ነው፣ ወደ ከተማዋ የመጣውም ለቢራ ጠማቂዎች ስብሰባ ንግግር ሊያደርግ ነው (ምን አገናኛቸው አትበሉኝ)። ወጣቱ 25 ዓመቱ። አብረው ዋሉና ኦክቶበር 28 የከተማዋ ሬድዮ ጣቢያ ገብተው ተጨዋወቱ። ድምፁ ተቀድቶ ስለነበር ዛሬም ይሰማል። ሽማግሌው በሞክሼው እየቀለደ፣ ያቺን ትርፍ ፊደል ቢጥላት ይሻል እንደነበር ይነግረዋል፤ ስለሚሠራው አዲስ ፊልምም እንዲያወራ ይገፋፋዋል።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ወጣቱ ላይ ነው የሚያተኩሩት። እኔን የያዘኝ ሽማግሌው ነው። ሌሊት፣ ቤቱ ከተኛ በኋላ፣ ስልኬ ላይ ስለሱ ሳነብ እናቱ የሰው ቤት ሠራተኛ እንደነበረች አየሁ። ከዚያ በኋላ ማርስም ሬድዮም ከአእምሮዬ ወጡ። እሁድ እሁድ ስንገናኝ አንዷ ታነሳዋለች አይደል፣ ልጆቻችን ሲያድጉ ስለ እኛ ሥራ ምን ይሉ ይሆን ብላ? ይህ ሰው ብሏል። ጽፎታልም።

ሳራ ኒል በ1822 ተወለደች። በ1850 በደቡብ እንግሊዝ፣ አፓርክ በሚባል ትልቅ የመኳንንት ቤት የእመቤት ደንገጡር ሆና ገባች፤ ልብስ ማልበስ፣ ጠጉር መሥራት፣ መስፋት። እዚያው ጆሴፍ ዌልስ የሚባል አትክልተኛ አገኘችና በ1853 ተጋቡ። ለንደን አጠገብ ብሮምሊ ላይ የሸክላ ዕቃ ሱቅ ከፈቱ። ሱቁ አልያዘላቸውም። የቤቱን ቀዳዳ የሚደፍነው ጆሴፍ ክሪኬት እየተጫወተና እያሠለጠነ የሚያገኘው ነበር፤ በ1877 እግሩ ተሰብሮ እሱም ቀረ። በ1880፣ በ57 ዓመቷ፣ ሳራ ወደ አፓርክ ተመለሰች፤ አሁን የሠራተኞቹ ኃላፊ፣ ቁልፍ ያዥ ሆና። ባልሽን ይዘሽ ነይ ያላት የለም። ባል ሱቁ ውስጥ ቀረ፣ የመጨረሻው ልጅ በርቲ (ኋላ ደራሲው) ገና አሥራ አራት ሳይሞላው ለጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተለማማጅነት ተሰጠ። ባል አንድ ቦታ፣ እናት ሌላ ቦታ፣ ልጅ ሌላ ቦታ። ይህን ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ስለ እመቤቲቱም ትንሽ ልበል፣ ደስ የሚል ነገር ስላለው። የቤቱ ጌታ ሰር ሃሪ ከሰባ ዓመት በኋላ ያገባት ሴት የገዛ ቤቱን ወተት ቤት የምትሠራ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። እሷ ስትሞት ቤቱ ለእህቷ ለፍራንሲስ አለፈ። የሳራ ማዳም ይህችው ፍራንሲስ ነበረች፤ የወተት ቤቷ ሠራተኛ እህት።

አፓርክ ላይ ምግብ የሚበስለው ከዋናው ቤት ተነጥሎ በቆመ ሕንፃ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሳህኑን ተሸክመው ከመሬት በታች በተቆፈረ መተላለፊያ ይመላለሳሉ። ጌቶች ከመስኮት ሲያዩ ሣሩና አጋዘኑ እንጂ ሠራተኛ አይታያቸውም። በርቲ እናቱ ዘንድ በመጣ ቁጥር የሚያርፈው በዚህ በታችኛው ቤት ነበር። ግን ላይም ወጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ገብቶ ፕላቶንና ስዊፍትን አነበበ። ከቆጥ ተፈታቶ የተጣለ ቴሌስኮፕ አግኝቶ ገጣጠመው፤ እናቱ አንድ ሌሊት መስኮቱን ቦግ አድርጎ ከፍቶ ጨረቃን ሲያይ ደረሰችበት።

በ1883 ሳውዝሲ በሚባል ከተማ በሌላ ጨርቅ ሱቅ ተለማማጅ ነበር። ሥራው በቀን 13 ሰዓት፣ መኝታው ከሌሎቹ ጋር በአንድ አዳራሽ፣ ኮንትራቱ 4 ዓመት፣ ሁለቱ ዓመት አልፏል። ሳራ ለአሠሪው ከሚከፈለው 50 ፓውንድ 40ውን ከፍላለች። ከየት እንዳመጣችው እናንተ ገምቱ። ልጁ አንድ እሁድ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ ተነሣና 17 ማይል፣ ወደ 27 ኪሎ ሜትር፣ በእግሩ ሄዶ እናቱን ከሠራተኞቹ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቃት። አልችልም፣ ከዚህ አውጪኝ አላት። አለቀሰች፣ ለመነችው፣ ግን በመጨረሻ 40 ፓውንዱን ትታ ፈታችው። ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ሆነ፣ በዓመቱ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ለንደን ሳይንስ ሊማር ገባ። የሳይንስ ልብወለድ የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

የመጀመሪያው ታላቅ መጽሐፉ «ታይም ማሽን» በ1895 ወጣ። አንድ ሰው በጊዜ ተጉዞ 802,701 ዓ.ም. ይደርሳል። የሰው ዘር ለሁለት ተከፍሏል፤ ላይ በፀሐይ የሚጫወቱ፣ ምንም የማይሠሩ ውብ ፍጡራን፤ ታች በጨለማ ማሽን የሚያንቀሳቅሱ። ላይኞቹን የሚያለብሷቸው ታችኞቹ ናቸው፣ ሌሊት ደግሞ ወጥተው ይበሏቸዋል። ብዙ አንባቢዎች ይህን ከአፓርክ መተላለፊያ ጋር ያያይዙታል፣ እኔም አምናለሁ። ቅር የሚለኝ ግን አለ። ታች የኖረች እናት ልጅ፣ የታችኞቹን ሰዎች ነጭ አውሬ አድርጎ መሣሉ ምነው? ተጓዡ ራሱ ያዘነው ለላይኞቹ ነው። በሌላ በኩል ሳስበው፣ ያ መጽሐፍ የላይኛው ቤት ሰዎች «ሳህኑን ማን ነው የሚያመጣው?» ብለው እንዲፈሩ አድርጓል፤ እሱም ቀላል አይደለም።

በ1934 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እናቱ እጅግ መጥፎ የቤት ኃላፊ እንደነበረች በግልጽ ጽፏል። ልጅ እንዲህ ይላል? ግን እውነቱን ነው መሰለኝ። ጠጉር መሥራትና መስፋት የምታውቅን ሴት በ57 ዓመቷ ሒሳብ ያዢ፣ ግምጃ ቤት ጠብቂ፣ ሠራተኛ አስተዳድሪ ቢሏት ማን ያስተማራት አለ? ከኛም መካከል ልጅ ታጥባለሽ ተብላ መጥታ ሽማግሌ አስታማሚ የሆነች ስንት ነች።

በ1893 ማዳሟ አሰናበተቻት። ሰባ ዓመቷ ነበር፣ ጆሮዋም እየከዳት ነበር። አፓርክ አቅራቢያ ባልዋ ወደሚኖርባት ትንሽ ቤት ገባች፤ ከ13 ዓመት በኋላ እንደገና አንድ ጣሪያ ሥር ሆኑ። ልጃቸው መጻሕፍቱ መሸጥ ሲጀምሩ ሊስ በሚባል መንደር የተሻለ ቤት ያዘላቸው፣ ወጪያቸውንም ቻለ። ሳራ በ1905 ነው የሞተችው፤ ማርሶቹንም ታይም ማሽኑንም በሕይወቷ ሳለች ነው ያሳተማቸው።