የሚደመሰስ ዲስክና የማይመለስ ሥርጭት

ቴሌቪዥን ከመጽሐፍም ከጋዜጣም የሚለይበት ዋነኛ ጠባይ ተመልካቹን የማይጠብቅ መሆኑ ነው። መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ሆኖ አንባቢውን ይጠብቃል፤ ጋዜጣም ቢሆን እስከ ማግሥቱ ይቆያል። የቴሌቪዥን ሥርጭት ግን በተወሰነለት ሰዓት አልፎ ይሄዳል፤ መብራት ለጠፋበት ቤት፣ በሥራ ላይ ለነበረ ሠራተኛ ወይም በመንገድ ላይ ለዋለ ነጋዴ ተብሎ አይደገምም። ሥርጭትን በቤት ውስጥ ቀርጾ የማስቀረት ታሪክም የሰው ልጅ ከዚህ የሰዓት ግዴታ ለመላቀቅ ያደረገው ጥረት ታሪክ ነው። ለዚህ ጥረት ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዱ ተደጋግሞ የሚጻፍበት ዲስክ ሲሆን፣ ምቾትን ያመጣውን ያህል የመርሳትንም መንገድ አቅልሏል። የነገሩን ክብደት ለመረዳት ሥርጭት በቀላሉ ከማይደርስበት ሥፍራ ሆኖ፣ ለምሳሌ ከባኮ ሆኖ፣ መመልከት ይጠቅማል።

ተንቀሳቃሽ ምስልን በመግነጢሳዊ ቴፕ ላይ መቅረጽ ከድምፅ ይልቅ እጅግ የከበደ ነበር። ምስል በሴኮንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ንዝረት ስላለው፣ ቴፑ በመቅረጫው ራስ ፊት በከፍተኛ ፍጥነት ማለፍ ይኖርበታል። አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ይህን ችግር የፈታው የመቅረጫውን ራስ ራሱን በማሽከርከር ነው። መሣሪያው ግን ግዙፍ፣ ዋጋውም በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ዶላር ስለነበረ ከጣቢያዎች በቀር የሚደፍረው አልነበረም። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሰዓት መቁጠሪያና ጣቢያ መቀበያ የተገጠመለትን የቤት መቅረጫ አወጣ፤ ሶኒ በ1975 ቤታማክስን፣ ጄ.ቪ.ሲ. በ1976 ቪ.ኤች.ኤስ.ን አስከተሉ። በእኛ ዓይነት ሥርጭት በሚሠራ የቪ.ኤች.ኤስ. መሣሪያ ውስጥ ከበሮው በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲሽከረከር፣ ቴፑ በሴኮንድ 2.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሳባል። የሦስት ሰዓት ፕሮግራም በአንድ እጅ በሚያዝ ካሴት ውስጥ እንዲገባ ያደረገው ይህ ብልሃት ነው። የፊልም ኩባንያዎች ነገሩን ተቃውመው ሶኒን ቢከሱም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1984 በ5 ዳኞች ለ4 ድምፅ፣ አንድን ፕሮግራም በሌላ ሰዓት ለመመልከት ብሎ በቤት መቅረጽ ሕገ ወጥ አይደለም ሲል ወሰነ።

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ወደ ቀለም የተሸጋገረው በአብዮቱ 10ኛ ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞገዱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አልራቀም። ባኮ ከዋና ከተማዋ በስተምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። መንገዱ አምቦንና ጉደርን ካለፈ በኋላ ወደ ጌዶ ደጋ ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚጓዝ በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ የተነሣው በርቀቱና በደጋው ተጋርዶ ከሸለቆው ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ የሸለቆው ከተሞች ሥርጭትን ማግኘት የሚችሉት በተራራ ላይ በሚተከል አቀባባይ ጣቢያ ወይም ዘግይቶ በመጣው ሳተላይት ብቻ ነው።

ይህ ሁኔታ ቀረጻን ከምቾት ወደ አስፈላጊነት ከፍ ያደርገዋል። አንድ ካሴት ተራራውን በአውቶቡስ ይሻገራል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የተስፋፉት ቪዲዮ ቤቶችም የቆሙት በዚህ እውነት ላይ ነው፤ ሞገድ ያላመጣውን ሰው በሻንጣው አመጣው። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የተላከው መቅረጫ ግን ባለቤቱን ብዙ ጊዜ ያሳዝነው ነበር። ኢትዮጵያ የምትሠራበት ፓል የተባለው ሥርዓት 625 መስመርና በሴኮንድ 25 ሙሉ ምስል ሲሆን፣ የአሜሪካው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. 525 መስመርና 30 ያህል ምስል በመሆኑ ሁለቱ አይግባቡም። ሌላው ችግር የሰዓት አቆጣጠር ነው። መሣሪያው ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ የምሽቱን 2 ሰዓት ዜና ለመቅረጽ የሚሻ ሰው 20 ብሎ መሙላት ይኖርበታል። መብራት ለአፍታ ጠፍቶ ሲመለስም የብዙዎቹ መሣሪያዎች ሰዓት ወደ ዜሮ ይመለስና የታዘዘው ቀረጻ ሁሉ ይሻራል።

ተደጋግሞ የሚጻፍበት ዲስክ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ በጃፓን የመጀመሪያውን የዲቪዲ መቅረጫ ለገበያ አቀረበ። ዲስኩ 4.7 ቢሊዮን ባይት የሚይዝ ሲሆን፣ በመካከለኛ ጥራት 2 ሰዓት ያህል ይቀረጽበታል። ምሥጢሩ ያለው በውስጡ በተነጠፈው ስስ የብረታ ብረት ቅይጥ ላይ ነው። የሌዘር ጨረር ቅይጡን እስኪቀልጥ አግሎ በቅጽበት ሲለቀው፣ ቅንጣቶቹ እንደተበታተኑ ይረጋሉ፤ ሥፍራውም ብርሃንን እምብዛም አያንጸባርቅም። ጨረሩ ለዘብ ብሎ ሲያሞቀው ግን ቅንጣቶቹ ተመልሰው በሥርዓት ይሰለፋሉ፤ ጽሑፉም ይደመሰሳል። ይህን 1,000 ጊዜ ያህል መደጋገም ይቻላል። ቴፕ እያጠነጠኑ መፈለግ ቀርቶ የተፈለገው ክፍል በአንድ አዝራር ይገኛል፤ ዲስኩንም የሚፍቀው ራስ የለም።

በኢትዮጵያ ቤቶች ግን በስፋት የገባው ማጫወቻው እንጂ መቅረጫው አልነበረም። ዲስክ መጻፍ በአብዛኛው የኮምፒዩተር ቤቶችና የሠርግ ቀራጮች ሥራ ሆኖ ሳለ፣ የሳተላይት መቀበያዎች በፍላሽ ላይ መቅረጽ ጀመሩና ዲስኩን ቀደሙት። የዲስኩ ጠባይ ግን ወደ ፍላሹ ተሸጋገረ፤ አዲሱን ለማስገባት አሮጌውን ማጥፋት ልማድ ሆነ።

ይህ ልማድ የቤተሰብ ብቻ አይደለም። ቢ.ቢ.ሲ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቴፕ ውድ በመሆኑ ብዙ ፕሮግራሞቹን ደምስሷል፤ ዶክተር ሁ ከተባለው ታዋቂ ተከታታይ ድራማ ከጠፉት ክፍሎች 9ኙ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ተገኙ የተነገረው በናይጄሪያ፣ በጆስ ከተማ ከሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ለንደን የደመሰሰችውን የአፍሪካ ከተማ ጠብቃ አቆየችው። በአሜሪካም ማሪዮን ስቶክስ የተባለች ሴት እስከ ሞተችበት እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ከ30 ዓመት በላይ የዜና ሥርጭት በቤቷ ስትቀርጽ ኖራ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ካሴቶች ትታለች። ካሴቶቹ ዛሬ ለታሪክ አጥኚዎች ቅርስ ሆነዋል። እርሷን የጠቀማት በአሮጌው ላይ አለመጻፏ ነው።

ባኮ ይህን ትምህርት ከሌላ ሙያ ታውቀዋለች። የከተማዋ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ድቅል የበቆሎ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው ቢ.ኤች.-660፣ የከተማዋን ስም በመጀመሪያው ፊደል ይዘው በአገሪቱ ተሠራጭተዋል። ድቅል ዘር ከጎተራ ወጥቶ እንደ ገና ቢዘራ ኃይሉን አይጠብቅም፤ ከንጹሕ ወላጆቹ በየጊዜው መታደስ አለበት። ወላጆቹ ከጠፉ ዝርያውም ጠፋ። ቀረጻም እንዲሁ ነው፤ የሚኖረው ከዋናው በወቅቱ ሲገለበጥ ብቻ ነው። የሸለቆው ሙቀትና የክረምቱ እርጥበት ቴፕን ያሻግታል፤ ማጣበቂያውንም ያሟሟል። መሣሪያውም ራሱ እያለቀ ነው፤ የመጨረሻው የቪ.ኤች.ኤስ. አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ሥራውን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 አቁሟል።

እንግዲህ ለሙያ ባልደረቦች የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። ካሴት ያለው ሁሉ መቅረጫው ሳይበላሽ በፊት ይገልብጥ፤ በተደጋጋሚ በሚጻፍ ዲስክ ላይ ያለውንም ወደ ሌላ ያሻግር፤ ቀኑንና የፕሮግራሙን ስም ይጻፍበት፤ ሁለት ቅጂም በሁለት ሥፍራ ያኑር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ የታተመ ሥራን ለግል አገልግሎት ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ስለሚፈቅድ፣ ከአንድ ለበለጠ ቅጂና ለሕዝብ ለማሳየት ግን የባለ መብቱን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። በየአውራ መንገዱ ከተሞች የሚሠሩ መሐንዲሶች አንድ ጤነኛ ማጫወቻ ጠግነው ለጎረቤት ቢያውሉ የሚድነው ብዙ ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል እንዳሉት፣ ይህ ሥራ ለከርሞ የሚተው አይደለም፤ ሻጋታው የሚቀጥለውን ክረምት አይጠብቅምና።