የኢትዮጵያ ዜግነትን በሕግ ለማግኘት የሚደረግ ዝግጅት፦ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለሚኖሩ የውጭ አገር ዜጎች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ሲሆን ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የጉምሩክ ጣቢያ የተሰባሰቡበት የኢንዱስትሪ አካባቢ ነው። በዚህም ምክንያት ለሥራ የመጡ፣ ከኢትዮጵያውያን ጋር ትዳር የመሠረቱ ወይም በስደት ምክንያት በአገሪቱ የተጠለሉ የውጭ አገር ሰዎች በአካባቢው ይኖራሉ። ከእነዚህ መካከል ኢትዮጵያን ቋሚ አገራቸው አድርገው ዜግነት ለመጠየቅ የሚፈልጉ አሉ። ይህ ማብራሪያ የኢትዮጵያ ዜግነት በሕግ የሚሰጥባቸውን ሁኔታዎች፣ አመልካቾች አስቀድመው ሊያደርጉት የሚገባውን ዝግጅትና ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያቀርባል።

1. የዜግነት ፈተና በኢትዮጵያ ሕግ

በተለያዩ አገሮች ዜግነት ጠያቂዎች ስለ አገሪቱ ታሪክና የመንግሥት አወቃቀር ፈተና ይወስዳሉ። ለምሳሌ በካናዳ ተፈታኙ ከ20 ጥያቄዎች ቢያንስ 15ቱን፣ በእንግሊዝ ደግሞ ከ24 ጥያቄዎች 18ቱን በትክክል መመለስ ይኖርበታል። በኢትዮጵያ በሥራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን እንዲህ ያለ የጽሑፍ ፈተና አልደነገገም። ሕጉ የሚመዝነው አመልካቹ በአገሪቱ የኖረበትን ጊዜ፣ የሚግባባበትን ቋንቋ፣ የሚተዳደርበትን ገቢ፣ ሥነ ምግባሩንና የቀድሞ ዜግነቱን ሁኔታ ነው።

ይህ ማለት ግን ዝግጅት አያስፈልግም ማለት አይደለም። የፈተና መጽሐፍ በጥቂት ሳምንታት ሊጠና ይችላል፤ ያለፉ አራት ዓመታት ማስረጃ ግን በማመልከቻው ዋዜማ ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል። ስለሆነም ዝግጅቱ ሊጀመር የሚገባው ማመልከቻ በሚጻፍበት ቀን ሳይሆን ሕጋዊ ኑሮ በተጀመረበት ዕለት ነው።

2. አመልካቹ ሊያሟላቸው የሚገቡ ሁኔታዎች

በአዋጁ አንቀጽ 5 መሠረት ዜግነት በሕግ እንዲሰጠው የሚያመለክት የውጭ አገር ሰው የሚከተሉትን ማሟላት አለበት።

ሀ) ለአካለ መጠን የደረሰና በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት ችሎታ ያለው መሆን፤
ለ) መደበኛ የመኖሪያ ቦታውን በኢትዮጵያ ያደረገና ማመልከቻውን ከማቅረቡ በፊት በጠቅላላው ቢያንስ ለአራት ዓመታት በኢትዮጵያ የኖረ መሆን፤
ሐ) ከአገሪቱ ብሔሮችና ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት መቻል፤
መ) ራሱንና ቤተሰቡን ለማስተዳደር የሚያስችል በቂና ሕጋዊ የገቢ ምንጭ ያለው መሆን፤
ሠ) መልካም ሥነ ምግባር ያለው መሆን፤
ረ) በወንጀል የተቀጣበት ሪከርድ የሌለው መሆን፤
ሰ) ከቀድሞ ዜግነቱ የተሰናበተ፣ የኢትዮጵያን ዜግነት ሲያገኝ ሊሰናበት የሚችል ወይም ዜግነት አልባ መሆኑን ማሳየት፤
ሸ) በአዋጁ የተመለከተውን የታማኝነት ቃለ መሐላ መፈጸም።

ለኢትዮጵያ ጥቅም የላቀ አስተዋጽኦ ያደረገ የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ጊዜውና የቋንቋው ሁኔታ ባይሟላም ዜግነት ሊሰጠው እንደሚችል አዋጁ በልዩ ሁኔታ ፈቅዷል።

3. የአራት ዓመት ኑሮን በማስረጃ ማረጋገጥ

በአገር ውስጥ መኖርና መኖርን ማስረዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ በአቃቂ በሚገኝ ፋብሪካ ለስድስት ዓመታት የሠራ ባለሙያ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የመኖሪያ ፈቃድ ካላስቀመጠ፣ ወይም ፓስፖርቱን ሲቀይር አሮጌውን ከጣለ፣ በእርግጥ የኖረበትን ጊዜ ለማስረዳት ይቸገራል። ስለዚህ የሚከተሉትን በአንድ ማኅደር ማስቀመጥ ይመከራል፦

• ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ጨምሮ ሁሉም ፓስፖርቶች፣ የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ያለባቸው ገጾች ሳይጎድሉ፤
• የመኖሪያ ፈቃዶችና የተታደሱባቸው ማስረጃዎች፤
• በሥራ ላይ ለነበሩ የሥራ ፈቃድና የቅጥር ውል፤
• የቤት ኪራይ ውል፣ የኪራይ ክፍያ ደረሰኞችና በስም የወጡ ሌሎች ሰነዶች፤
• ከአገር የተወጣባቸውና የተመለሰባቸው ቀናት ዝርዝር።

የስምና የልደት ቀን አጻጻፍ በሁሉም ሰነዶች ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የውጭ አገር ስም በአማርኛ ሲጻፍ በአንዱ ሰነድ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ የኢትዮጵያና የጎርጎርዮስ የዘመን አቆጣጠር መቀላቀልም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላል። ልዩነት ካለ ሰነዱን በሰጠው መሥሪያ ቤት በጊዜ ማስተካከል ይገባል።

በውጭ አገር የተሰጡ ሰነዶች በሚመለከታቸው አካላት የተረጋገጡና ሕጋዊ ትርጉም ያላቸው ሊሆኑ ይገባል። ይህ ጊዜ የሚወስድ በመሆኑ ከማመልከቻው አስቀድሞ መጀመር አለበት።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የነዋሪን ማንነት ያረጋግጣል፤ የዜግነት ማስረጃ ግን አይደለም። ፋይዳ የያዘ የውጭ አገር ሰው በዚህ ምክንያት ዜጋ እንደሆነ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ እንደማያስፈልገው አድርጎ ማሰብ የለበትም።

4. ቋንቋ

በ1922 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የዜግነት ሕግ አመልካቹ አማርኛን እንዲናገርና እንዲያነብ፣ በአገሪቱም ቢያንስ አምስት ዓመት እንዲኖር ይጠይቅ ነበር። የአሁኑ አዋጅ የመኖሪያውን ጊዜ ወደ አራት ዓመት ዝቅ አድርጎ፣ ከአገሪቱ ብሔሮችና ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባትን በቂ አድርጓል። በአቃቂ ቃሊቲና በአጎራባቾቹ አካባቢዎች አማርኛና አፋን ኦሮሞ በየዕለቱ የሚነገሩ በመሆናቸው አመልካቹ ከሁለቱ በሚቀለው መዘጋጀት ይችላል፤ ሌላ የአገሪቱን ቋንቋ የሚናገርም በቋንቋው ምክንያት ዝቅ ተደርጎ አይታይም።

የሕጉ መለኪያ መግባባት ነው። ስለዚህ ከቃላት ሽምደዳ ይልቅ ስለ ራስ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሥራና ስለ መኖሪያ ሰፈር ያለ አስተርጓሚ መናገርን፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በገበያ ጉዳይን ራስ መፈጸምን መለማመድ የተሻለ ዝግጅት ነው። በሥራ ቦታ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚግባቡ ሠራተኞች ለዚህ ልዩ ትኩረት ሊሰጡ ይገባል።

5. ገቢና ሥነ ምግባር

ገቢው በቂ ብቻ ሳይሆን ሕጋዊም ሊሆን ይገባል። ተቀጣሪ የሆነ ሰው የአሠሪውን የሥራ ማስረጃና የደመወዝ መግለጫ፣ በንግድ የሚተዳደር ደግሞ የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የግብር ክፍያ ማስረጃ ቢይዝ ገቢውን በቀላሉ ማስረዳት ይችላል። ያለ ሥራ ፈቃድ ወይም ያለ ንግድ ፈቃድ የተገኘ ገቢ ብዛቱ ምንም ያህል ቢሆን ሕጋዊነቱን ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚገልጸው ማስረጃ ከፌዴራል ፖሊስ የሚገኝ ሲሆን ለዚሁ የጣት አሻራ መስጠት ያስፈልጋል። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ በወንጀል የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው። ዜግነት በደላላ ወይም በጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ አማካይነት የሚገኝ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ቃል የሚገባ ሰው ሲያጋጥም ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል።

6. የቀድሞ ዜግነትን መተው፦ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ደረጃ

የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። አመልካቹ የኢትዮጵያን ዜግነት ሲያገኝ የቀድሞውን መተው አለበት። ሆኖም ሕጉ አመልካቹ አስቀድሞ ዜግነት አልባ እንዲሆን አያስገድድም፤ የኢትዮጵያን ዜግነት ሲያገኝ ከቀድሞው ሊሰናበት እንደሚችል ማሳየት በቂ መሆኑን በግልጽ ይደነግጋል።

ይህን ባለማወቅ ውሳኔ ሳያገኙ የቀድሞ ዜግነታቸውን የሚተዉ ሰዎች ለከባድ ችግር ሊጋለጡ ይችላሉ። ማመልከቻው ቢዘገይ ወይም ተቀባይነት ባያገኝ ፓስፖርት የሌለው፣ የትኛውም መንግሥት ዜጋዬ የማይለው ሰው ሆኖ መቅረት ይኖራል። የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደስና ወደ ውጭ መጓዝም በዚያው ልክ ይከብዳል። ስለዚህ አመልካቹ በመጀመሪያ የአገሩን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርቦ የስንብቱ ሥርዓት ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድና የሚጸናው መቼ እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። የአገሩ ሕግ ከዜግነት መሰናበትን በውርስ፣ በጡረታ ወይም በንብረት መብት ላይ የሚያስከትለውን ውጤትም ማወቅ ያስፈልጋል።

በስደተኝነት እውቅና ያገኙ ሰዎችም በስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት የዜግነት ሕጉን ሁኔታዎች ካሟሉ ማመልከት ይችላሉ። እነዚህ ሰዎች የሸሹትን አገር ኤምባሲ መቅረብ ለደኅንነታቸው አስጊ ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድመው የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎትን ማማከር ይኖርባቸዋል።

7. ጋብቻና ልጆች

ከኢትዮጵያዊ ወይም ከኢትዮጵያዊት ጋር መጋባት በራሱ ዜግነት አያስገኝም። በጋብቻ መሠረት ለማመልከት ጋብቻው በኢትዮጵያ ወይም በተፈጸመበት አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመ፣ ከተፈጸመ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሆነው፣ አመልካቹም ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ የኖረ ሊሆን ይገባል፤ በአዋጁ የተጠቀሱት ተጨማሪ ሁኔታዎችም መሟላት አለባቸው። በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የሚታወቅ ቢሆንም መመዝገብ አለበት። ሠርጉ ተደርጎ ምዝገባው የቀረባቸው ባለትዳሮች ሁለቱን ዓመታት ለማስረዳት እንዳይቸገሩ በሚኖሩበት ወረዳ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ይጠበቅባቸዋል።

ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ዜግነት በሕግ እንዲሰጠው ማመልከት አያስፈልገውም። በአንጻሩ ከሁለት የውጭ አገር ዜጎች የተወለደ ልጅ በኢትዮጵያ ምድር በመወለዱ ብቻ ኢትዮጵያዊ አይሆንም። በሁለቱም ሁኔታ ልደቱ በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ይኖርበታል። የልደት ምስክር ወረቀት በኋላ ለሚነሳ ማንኛውም የዜግነት ጥያቄ መነሻ ነው።

8. በዚህ ሥርዓት ማለፍ የማይጠበቅባቸው ሰዎች

ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረና የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው መደበኛ መኖሪያውን ወደ ኢትዮጵያ ከመለሰ፣ የውጭ ዜግነቱን ከተወና ካመለከተ ዜግነቱን መልሶ ሊያገኝ ይችላል። የውጭ ዜግነቱን መተው የማይፈልግ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ በመያዝ ያለ ቪዛ መግባት፣ መኖርና መሥራት ይችላል። ሆኖም መታወቂያው የመምረጥና የመመረጥ መብት አይሰጥም።

9. ማመልከቻና ቃለ መሐላ

ማመልከቻው የሚቀርበው ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሲሆን በዜግነት ጉዳዮች ኮሚቴ ይመረመራል። ወረዳና ክፍለ ከተማ ዜግነት የመስጠት ሥልጣን የላቸውም፤ ድርሻቸው በሥራ ክልላቸው ያሉ ማስረጃዎችን መስጠት ነው። አመልካቹ ዋና ሰነዶችን ከቅጂዎቻቸው ጋር ይዞ መቅረብ፣ ያቀረበበትን ማስረጃ መቀበልና ውሳኔ እስኪያገኝ የመኖሪያ ፈቃዱን ሳያቋርጥ ማሳደስ ይኖርበታል።

ጥያቄው ተቀባይነት ያገኘ አመልካች ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክና ለሕገ መንግሥቷ ታማኝ እንደሚሆን ይምላል። የሚማልበትን ሰነድ ሳያነቡ መማል ተገቢ ስላልሆነ፣ 106 አንቀጾች ያሉትን ሕገ መንግሥት፣ በተለይም ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያሉትን የሰብአዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶች ድንጋጌዎች አስቀድሞ ማንበብ ይመከራል። ዜጋ መሆን ምን እንደሚለውጥም ከዚያ መረዳት ይቻላል፤ የመምረጥና የመመረጥ መብት በአንቀጽ 38፣ የንብረት መብት በአንቀጽ 40 ተደንግገዋል። በአንቀጽ 33 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ እንደማይችል ተረጋግጧል።

ማጠቃለያ

የኢትዮጵያን ዜግነት በሕግ ለማግኘት የሚደረገው ዝግጅት ኑሮን በሕጋዊ መንገድ መምራትና ማስረጃውን በጊዜው መያዝ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖሩ አመልካቾች ፈቃዳቸውን በወቅቱ በማሳደስ፣ ጋብቻና ልደትን በማስመዝገብ፣ የአካባቢያቸውን ቋንቋ በመልመድና ሕጋዊ ገቢያቸውን በሰነድ በማስደገፍ ሊዘጋጁ ይገባል። ከሁሉም በላይ፣ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት የቀድሞ ዜግነታቸውን በችኮላ ከመተው መቆጠብ አለባቸው።