ጎንደራዊ የሥዕል ስልት

በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር ነገሥታት ዘመን የደረጀ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ነው። የባዕድን ሥዕል ተቀብሎ የራስ የማድረግን ጥበብ ከዚህ በላይ አጥርቶ የሚያሳይ ማግኘት ይከብዳል።

የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂዎች ይዘው መጥተው ነበር። ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1632 ከነገሠ በኋላ እነሱ ተባረሩ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ።

እጆቿን ልብ ብሎ ማየት ነው፦ ቀኟ በግራዋ ላይ ተደርቧል፣ ሁለት ጣቶቿ ተዘርግተዋል፣ በግራዋ መሐረብ ይዛለች። ይህ ሁሉ የሮሙ ነው። ሠዓሊዎቻችን ግን ጥላውን አስቀርተው የልብሱን እጥፋት በመስመር ተኩት፤ ዓይኖቿን አሰፉ፤ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስመዝዘው በግራና በቀኝ አቆሙላት። የተዋሱት አቋሟን ነው፤ ፊቷ የአገር ሆነ።

በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ደግሞ የፊት ጥላ ተመለሰ፤ ዳራውም ከቢጫ ወደ ቀይ ቀስ እያለ የሚሸጋገር ሆነ።

የብራና ወንጌል ሠዓሊዎችም በሮም እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 ከታተመው የዐረብኛ ወንጌል የአንቶኒዮ ቴምፔስታን ሥዕሎች ተውሰዋል። የእንጨት ቅርጽ ኅትመቱ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ከራሳቸው አመጡ።