«ክላሲካል» ተብሎ የተጻፈበት ካሴት፦ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ከሽቦ መቅጃ እስከ ላፕቶፕ

(በሕዝባዊ ንግግር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ዛሬ ከማነብላችሁ ይልቅ የማስደምጣችሁ ይበዛል። አምስት ሙዚቃዎች ይዤ መጥቻለሁ። የመረጥኳቸው ስለምወዳቸው ነው፤ የታሪክ ባለሙያ ምንጩን እንዲህ መምረጥ እንደሌለበት አላጣሁትም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ክርክሬን ልናገር። ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን የሚጻፈው አብዛኛው ታሪክ «ወርቃማው ዘመን» ላይ ያቆማል፤ አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አብዮቱ የምሽቱን ሕይወት እስካቀዘቀዘበት ድረስ ማለት ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጃቸው የ«ኢትዮፒክስ» ቅጾች ይህን ክፍፍል በዓለም ዙሪያ አጸኑት። ለዚያ ሥራ ባለዕዳ ነን። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የመጣው የኪቦርድና የካሴት ዘመን በዚህ አተራረክ ውስጥ የውድቀት ዘመን ሆኖ ቀረ። የነሐስ መሣሪያዎች ሄዱ፣ ማሽን መጣ፣ ነገሩ ተበላሸ ይባላል። እኔ ያደግሁት በዚያ «በተበላሸው» ሙዚቃ ነውና አቤቱታዬን ላሰማ።

የመጀመሪያው ሙዚቃ የካይሮ ነው። ሐሊም ኤል-ዳብህ የተባለ ወጣት ግብፃዊ በ1944 ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅጃ ተውሶ፣ የዛር ሥርዓት ሲካሄድ ድምፁን ቀዳ። ከዚያም ቅጂውን በጣቢያው ስቱዲዮ ውስጥ የገደል ማሚቶ እያላበሰ፣ የድምፁን ጠባይ እየለዋወጠ እንደገና ቀዳው። (ሙዚቃው ተደመጠ።) ፒየር ሼፈር በፓሪስ በተቀዱ ድምፆች የሠራው ሙዚቃ የተሰማው በ1948 ነው። ይህ ሰው ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። በኒውዮርክ ከነበሩት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቤተ ሙከራዎች አንጋፋ በሆነው በኮሎምቢያ-ፕሪንስተን ማዕከል የሠራ ሰው አዲስ አበባ ደርሶ ክራርን፣ ማሲንቆንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ ሰበሰበ። በተማሪነቴ ዘመን የኤል-ዳብህን ስም ከዚህ አገር ጋር አያይዞ የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛው የከተማችሁ ልጅ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 ጅማ ተወለደ፤ በቦስተን በርክሊ ተማረ። «የከርሞ ሰው»ን ትንሽ እናድምጥ። (ሙዚቃው ተደመጠ።) የሙላቱ ዋና መሣሪያ ቫይብራፎን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አይደለም፤ ድምፁን የሚያርገበግቡት ክብ ክዳኖች ግን በኤሌክትሪክ ሞተር ይዞራሉ። ስለ ሙላቱ ጅማ ውስጥ ማስተማር አልደፍርምና አልፈዋለሁ።

ሦስተኛው ላይ እንቆይ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች ነበር። ዋልያስ በሂልተን ሆቴል፣ በሰዓት እላፊው ዘመን፣ ታዳሚው በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ የሚያድርበትን ሙዚቃ ይጫወት ነበር። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉን ጨምሮ ከአባላቱ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ። በ1985 ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ባለች አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻውን ገብቶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። በወጣትነቱ የተጫወተውን አኮርዲዮን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ፒያኖና ከምት ማሽን ጋር አንዱን በሌላው ላይ ደራረበው። (ሙዚቃው ተደመጠ።)

አኮርዲዮኑ ሲተነፍስ አዳምጡ፤ ምት ማሽኑ ግን አይተነፍስም። እኔ ባደመጥኩት ቁጥር የሚሰማኝ ባዶ ወንበር ነው። ከበሮ መቺው የለም፤ ባሱ የለም፤ ማሽኑ በቦታቸው ተቀምጧል። ይህ ውድቀት ከተባለ የሰው መበተን እንጂ የሙዚቃ ውድቀት አይደለም። ካሴቱ አገር ቤት ገባ፤ ከዚያም ተረሳ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከአንድ ካሴት ቤት አግኝቶት በ2013 በድጋሚ አሳተመው። በዚያን ጊዜ ኃይሉ በዋሽንግተን የዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። ሥራው ሊገኝ የቻለው ካሴቱ ላይ ስሙ ስለተጻፈበት መሆኑን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔ አሰንዳቦ ነው ያደግሁት። አሰንዳቦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚመጣው መንገድ ዳር ናት፤ ሙዚቃም የሚደርሰን በአውቶቡስ ነበር። ሾፌሩ በአዲስ አበባ የያዘውን ካሴት ለምሳ ሲቆም ከፍ አድርጎ ይተወዋል፤ የወደደ ሰው በሚቀጥለው ጉዞ እንዲያመጣለት ይለምነዋል። አንድ ካሴት ሲገባ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ሰው ዘንድ ተወስዶ ይገለበጣል፤ የተገለበጠው ደግሞ ይገለበጣል፤ በየጊዜው የሹክሹክታው ድምፅ ይጨምራል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ገንዘብ ስለሚኖር ባዶ ካሴት ይጠፋል። ዛሬ ከከተማዋ አቅራቢያ ያለው የጊልገል ጊቤ ግድብ ከ2004 ጀምሮ ለአገር ኃይል ያመነጫል። እኛ ግን ባትሪ ፀሐይ ላይ አስጥተን ነበር የምንሰማው። ባትሪው ሲደክም ሙዚቃው ይዘገያል፤ ስለዚህ አንዳንዱን ዜማ እስከ ዛሬ የማስታውሰው በዘገየው ፍጥነት ነው።

አባቴ አንድ ካሴት ነበረው። በጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «ክላሲካል» ተብሎ ተጽፏል። እንደምታውቁት በአገራችን ድምፃዊ የሌለበት ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው፤ ቤትሆቨንም፣ የሠርግ ቤት ኪቦርድም። በአንደኛው ገጽ አንድ ሰው በኪቦርድ ብቻ ትዝታና ባቲ ይጫወታል፤ በሌላው ገጽ የኦሮምኛ ዘፈኖች አሉ። የተጫዋቹ ስም የለም። ኪቦርድ አሥራ ሁለት እኩል እርከኖች ብቻ ስላሉት የማሲንቆን መንሸራተት አያውቅም ይባላል። ይህ ሰው ግን በግራ እጁ የመሣሪያውን የድምፅ ማጣመሚያ ጎማ እየገፋና እየመለሰ በቁልፎቹ መካከል ያለውን ድምፅ ይፈልግ ነበር፤ አንዳንዴም ያገኘዋል። ያንን ሰው ስንኩል መሣሪያ ይዞ የተገኘ የወርቃማው ዘመን ድህረ ታሪክ አድርጌ መጻፍ አልቻልኩም።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በካሴቱ ላይ ከሬዲዮ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቀዳሁበት። አባቴ የመከላከያዋን ፕላስቲክ ሰብሮ ነበር፤ እኔ ክፍተቱን በወረቀት ደፈንኩት። ሳይጠፋ የቀረው ከመጨረሻው አራት ደቂቃ ያህል ነው። አባቴ አልተቆጣኝም፤ «ሌላ እናስገለብጣለን» አለ። ያስገለበጠለት ሰው ግን ከከተማው ሄዶ ነበር።

አራተኛው የቅርብ ነው። በ2014 እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል የመድረክ ስሙ «ቀን ሰባት»ን፣ ሚካኤል ሰይፉም «ያራዳ ልጅ»ን አወጡ፤ ሁለቱንም ያሳተመው የዋሽንግተኑ 1432 አር ነው። እንደገና ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ሰየመው። በ2018 ደግሞ ሮፍናን በ«ነጸብራቅ» ይህን የመሰለውን ድምፅ ለብዙኃኑ አደረሰ። ከሚካኤል እናድምጥ። (ሙዚቃው ተደመጠ።) ብዙ ጸሐፊዎች ይህ ትውልድ ከወርቃማው ዘመን ጋር ድልድይ ሠራ ይላሉ። ለእኔ ድልድዩ ረዘም ይላል። የማኅበረሰብን ድምፅ ቀድቶ፣ ቆርጦ፣ አስተጋብቶ መልሶ መስጠት ኤል-ዳብህ በሽቦ የሠራው ሥራ ነው፤ ብቻውን በማሽን መሥራትን ደግሞ የኪቦርድ ሰዎች ሲኖሩበት ኖረዋል። ዘሎ የሚያልፈው የታሪክ መጽሐፋችን ነው።

ችግሩ የማስረጃ ነው። ሸክላ ማኅተም፣ ቁጥርና ስም አለው፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ይሠራል። በእጅ የተገለበጠ ካሴት ምንም የለውም። ሕዝቡ አብልጦ የሰማው በግርጌ ማስታወሻ ልንጠቅሰው የማንችለው ሆነ፤ መግነጢሱም በየቤቱ እየረገፈ ነው። ተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ ወደ ቤታቸው ቁም ሣጥን የምልካቸው ለዚህ ነው። ማን ቀዳው፣ ከማን ተገለበጠ፣ በስንት ብር፣ የሚለውን የሚመልሱ ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ።

አምስተኛው የአባቴ ካሴት ነው። አራቱ ደቂቃ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ መምህር ታገሡት። የተጫዋቹን እጅ የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ ሳያልቅ አስቁሙኝ።

(ካሴቱ ተከፈተ።)