አምስተኛው ፍጹም ቁጥር 33,550,336 እና የተዘነጋው የዓረብኛ ምንጭ

33,550,336 ፍጹም ቁጥር ነው፤ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ እሱኑ መልሰው ይሰጣሉ። በመጠን የሚቀድሙት ፍጹማን 6፣ 28፣ 496 እና 8128 ብቻ ናቸው። አራቱንም የጥንት ግሪኮች ያውቋቸው ነበር።

ቁጥሩ 4096 በ8191 ሲባዛ ይገኛል። የመጀመሪያው 2 በ12 ርቢ ሲሆን ሁለተኛው ከ2 በ13 ርቢ 1 ተቀንሶ የሚቀረው ነው። በሁለትዮሽ ሥርዓት ሲጻፍ 13 አንዶችና 12 ዜሮዎች ይሆናል። ከ1 እስከ 8191 ያሉ ተከታታይ ቁጥሮች ድምር ነው፤ ከ1 እስከ 127 ያሉ ኢ-ተጋማሽ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በ3 ርቢ ከፍ ብለው ሲደመሩም የሚገኘው እሱው ነው።

እንዲህ ካለ ብዜት ሁለተኛው አባዥ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ ብዜቱ ፍጹም ነው በሚለው የዩክሊድ ደንብ መሠረት የቁጥሩ ፍጹምነት የቆመው 8191 ብቸኛ ቁጥር በመሆኑ ላይ ነው። ይህን ማረጋገጥ ከባድ አይደለም። ፌርማ እንዳሳየው፣ የ8191 ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለ26 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። ከ91 በታች ይህን የሚያሟሉ ብቸኛ ቁጥሮች 53 እና 79 ብቻ ናቸው፤ 8191 ለመጀመሪያው ሲካፈል 29፣ ለሁለተኛው ሲካፈል 54 ይተርፋል።

ኒኮማኮስ እ.ኤ.አ. በ100 አካባቢ ፍጹማን ቁጥሮች በአሃድ፣ በአሥር፣ በመቶና በሺህ ቤት አንድ አንድ ሆነው እንደሚገኙ፣ መጨረሻቸውም 6 እና 8 እየተፈራረቀ እንደሚሄድ ጻፈ። ተከታዮቹ ይህን እንደ ሕግ ተቀበሉት። አምስተኛው ፍጹም ቁጥር ግን ባለ ስምንት አሃዝ ነው፤ በአምስት፣ በስድስትና በሰባት አሃዝ የሚጻፍ አንድም የለም። የመፈራረቁን ሐሳብ ያፈረሰው ደግሞ እንደ አምስተኛው ሁሉ በ6 የሚያበቃው ስድስተኛው፣ 8,589,869,056 ነው።

ዋናው ክርክር የሚነሳው በቀዳሚነት ላይ ነው። ሊዮናርድ ዲክሰን እ.ኤ.አ. በ1919 ባሳተመው የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ታሪክ፣ ለአምስተኛው ቁጥር የሚጠቅሰው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ፣ ሙኒክ የሚገኝ የላቲን ጽሑፍ ነው። ለስድስተኛውና ለሰባተኛው የሚሞገሰው ደግሞ ጣሊያናዊው ካታልዲ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሊጸና አይችልም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ኢስማዒል ኢብን ኢብራሂም ኢብን ፈሉስ በዓረብኛ አሥር ቁጥሮችን ፍጹም ብሎ መዝግቧል፤ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ትክክል ናቸው። ምንጩን ሶንያ ብሬንትየስ እ.ኤ.አ. በ1987 አስተዋውቃዋለች፤ ዲክሰን ባያገኘው አይፈረድበትም፣ ከዚያ በኋላ እሱን የደገሙት ግን ይፈረድባቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው በእነዚያ ሰባት ውስጥ የሌለው ቁጥር ነው። ርቢው 11 ሲሆን ደንቡ 2,096,128ን ይሰጣል፤ እሱ ግን ፍጹም አይደለም፣ ከ2 በ11 ርቢ 1 ተቀንሶ የሚቀረው 2047 የ23 እና የ89 ብዜት ነውና። አውሮፓ ውስጥ ሁዳልሪከስ ሬጊዩስ ይህን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1536 ነው። ኢብን ፈሉስ ከ8128 ወደ 33,550,336 በቀጥታ መሻገሩ 2047ን መርምሮ የጣለ መሆኑን ያመለክታል።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች ስህተት መሆናቸው በመቃወሚያነት ይቀርባል። ካታልዲም ለ23፣ ለ29 እና ለ37 ርቢዎች ተሳስቷል፤ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡ ርቢዎችን የያዘው የመርሴን እ.ኤ.አ. የ1644 ዝርዝርም 67ን እና 257ን ያለ አግባብ አስገብቶ 61ን፣ 89ን እና 107ን ዘሏል። ክብራቸውን ግን ማንም አልነፈጋቸውም። የላቲኑ ጸሐፊ ከዓረብኛው ቀድቷል ለማለት የዓረብኛው መቅደም ብቻውን አያበቃም፤ ካታልዲም 8191ን ተከትለው የሚመጡት 131,071 እና 524,287 ብቸኛ ቁጥሮች መሆናቸውን በማካፈል ማረጋገጡ የራሱ ሥራ ነው። በመዝገቡ ቀዳሚነት ግን የዓረብኛው ጽሑፍ ከላቲኑ በሁለት ክፍለ ዘመን ገደማ ይቀድማል።