አርብ ተቀጣሪ፣ ሰኞ ኩባንያ

ለንደን ውስጥ ሂሳብ የምሠራላቸው ሰዎች አብዛኞቹ በገዛ ኩባንያቸው ስም ኮንትራት የሚይዙ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ናቸው። የአገሬ ልጆችም አሉባቸው። ይዋል ይደር እንጂ ሁሉም አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፦ «ግብሩን እንደ ተቀጣሪ ከከፈልኩ፣ የዓመት ፈቃዴ የት ገባ?»

ኩባንያውን ያመጣው ሠራተኛው ብቻ አይደለም። በ1975 ፓርላማው በኤጀንሲ በኩል የሚሠራ ሰው እንደ ተቀጣሪ ግብር እንዲቆረጥበት ደነገገ። ኤጀንሲዎቹም እያደር ከግለሰብ ጋር መዋዋሉን ትተው «ኩባንያ አቋቁመህ ና» ማለት ጀመሩ። ባለኩባንያው ለራሱ ጥቂት ደመወዝ ቆርጦ የቀረውን በትርፍ ድርሻ ይወስዳል፤ በትርፍ ድርሻ ላይ ደግሞ ናሽናል ኢንሹራንስ የሚባለው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ የለም።

የገንዘብ ሚኒስትሩ ጎርደን ብራውን በጀት ባቀረቡበት ዕለት፣ ማርች 9 ቀን 1999፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ አይ አር 35 የተባለውን መግለጫ አወጣ። ያነጣጠረው አርብ ሥራውን ለቆ ሰኞ በኩባንያ ስም እዚያው ወንበር ላይ በሚቀመጠው ሰው ላይ ነበር። በኤፕሪል 2000 የጸናው ሕግ ጥያቄ፣ ኩባንያው ከመሃል ቢወጣ ይህ ሰው ተቀጣሪ ይሆን ነበር ወይ የሚል ነው።

መመዘኛው ግን የቆየ ነው። በ1967 አንድ የኮንክሪት አመላላሽ ሹፌር ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀረበ። መኪናውን በዱቤ የገዛው ራሱ ነው፤ ግን የድርጅቱን ቀለም አስቀብቶታል፣ የድርጅቱን ደንብ ልብስም ይለብሳል። ዳኛ ማኬና መኪናው የራሱ መሆኑን፣ ትርፍና ኪሳራው በእሱ ላይ መውደቁን፣ ሌላ ሹፌር መተካት መቻሉን አይተው ተቀጣሪ አይደለም አሉ። ዛሬም ውል ሳነብ የምፈልገው እነዚህኑ ነው።

የሚያንገበግበኝ ሕጉ ግብሩን ብቻ ማስላቱ ነው። እንደ ተቀጣሪ የገበረው ሰው ሲታመም ደንበኛው ድርጅት አንድ ፓውንድ አይከፍለውም። ግብሩና የተቀጣሪነት መብቱ በአንድ ሕግ መታሰር ነበረባቸው። የኮንትራክተሮቹ ማኅበር ሕጉን ተቃውሞ ከስሶ በ2001 ተረታ።

በ2017 በመንግሥት ዘርፍ፣ በ2021 ደግሞ በመካከለኛና በትልልቅ የግል ድርጅቶች፣ የመወሰኑ ኃላፊነት ከሠራተኛው ወደ አሠሪው ተሻገረ። አንዳንድ ትልልቅ ባንኮች ዕዳውን ፈርተው ባለኩባንያዎችን ጨርሰው መቅጠር አቆሙ፤ ደንበኞቼም ኩባንያቸውን መዝጋት ያዙ። በሴፕቴምበር 2022 የወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር ክዋሲ ክዋርቴንግ ይህ ለውጥ ይሻራል ሲሉ መልሰን እንክፈት የሚሉ ደወሉልኝ። የተኳቸው ጄረሚ ሃንት ኦክቶበር 17 ቀን ውሳኔውን ሲቀለብሱት ለእያንዳንዳቸው ደውዬ «ተዉት» አልኳቸው።